ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ምንድን ናቸው?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አንድ ምእመን የያዘውን ሥራ ለጥቂት ጊዜ ትቶ በእግዚአብሔር ፊት እንዲቆም በቀንና በሌሊት ውስጥ የተወሰኑለት ሰባት ሰዓታት «ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት» ይባላሉ። እነርሱም ከእንቅልፍ ሲነሡ የሚደርሰው የነግህ ጸሎት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚደርሰው የሠለስት፣ በ6 ሰዓት የሚደርሰው የቀትር፣ በ9 ሰዓት የሚደርሰው የተሰዓት፣ በ11 ሰዓት የሚደርሰው የሠርክ፣ ወደ መኝታ ሲሄዱ የሚደርሰው የንዋም፣ በመጨረሻም የመንፈቀ ሌሊት ጸሎት ናቸው። ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ ለመነኮሳትና ለካህናት ብቻ የተሠራ ተደርጎ ይታሰባል፤ ይሁን እንጂ በእግዚአብሔር መታመን በተራ ቀን፣ በገበያና በቢሮ፣ በማጀትና በመንገድ እንዴት እንደሚኖር ከዚህ ይልቅ በግልጽ የሚያስተምር ሥርዓት አላውቅም።

የቁጥሩ መሠረት «ስለ ጽድቅህ ፍርድ ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» የሚለው የዳዊት ቃል ነው፤ ይህም በግእዙ አቆጣጠር በመዝሙር 118፣ በሌላው አቆጣጠር ደግሞ በመዝሙር 119 ቁጥር 164 ላይ ይገኛል። ከዚያው መዝሙር ቁጥር 62 «በእኩለ ሌሊት» ለማመስገን ስለ መነሣት ይናገራል። በተወሰነ ሰዓት መጸለይ በብሉይ ኪዳን የታወቀ ነበር፤ ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ምርኮ ሳለ በየዕለቱ ሦስት ጊዜ ይጸልይ እንደ ነበር ተጽፏል። ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ያልራቀው ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች መመሪያ አቡነ ዘበሰማያት በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸለይ ያዝዛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 14 ጸሎትን ሰው ከልዑል እግዚአብሔር ጋር የሚነጋገርበት ነው ብሎ ከተረጎመ በኋላ ስለ ሰባቱ ጊዜያት ይደነግጋል። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንም አግፒያ በሚባለው የጸሎት መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ እነዚሁኑ ሰዓታት ይጠብቃሉ። በእኛ ዘንድ ስመ ጥር የሆነው የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ሰዓታት ግን በተለይ በቤተ ክርስቲያን በሌሊት የሚቆም የማኅበር አገልግሎት ስለሆነ፣ ምእመኑ በቤቱ ከሚያደርሰው የሰባት ጊዜ ጸሎት ጋር መምታታት የለበትም።

በሰዓት አቆጣጠር ረገድ የኢትዮጵያ አንባቢ ሌላው የሌለው ጥቅም አለው። በበዓለ ሃምሳ ዕለት ሐዋርያት የሰከሩ በመሰሉ ጊዜ ጴጥሮስ ገና «ከቀኑ ሦስተኛ ሰዓት ነውና» ብሎ ሲመልስ የእኛ ሰው ጊዜውን ለማስላት የግርጌ ማስታወሻ አያስፈልገውም፤ ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥረው እንደዚያ ዘመን ሰዎች ነውና ሦስት ሰዓት ለእርሱም ሦስት ሰዓት ነው። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖር ወገናችን ግን በእጅ ስልኩ ላይ ዘጠኝ የሚለውን ቁጥር እያየ ሠለስትን ማሰብ አለበት፤ በሰሜን አውሮፓ የብርዱ ወራት ሲሆን ደግሞ የሠርኩ ጸሎት የሚደርሰው ከጨለመ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ ሰዓት በድኅነት ታሪክ ውስጥ ከተደረገ ነገር ጋር ተያይዟል። በነግህ ምእመኑ ከሌሊቱ ጨለማ ወደ ብርሃን ላወጣው አምላክ ምስጋና ያቀርባል፤ ጌታችን በጲላጦስ ፊት ለፍርድ የቆመውም በማለዳ ነበር። ሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ሰዓት ነው። በሠርክ የጌታ ሥጋ ከመስቀል ወርዶ መቀበሩ ይታሰባል፤ «እጅ መንሣቴም እንደ ሠርክ መሥዋዕት ትሁን» የሚለው መዝሙርም ከዚህ ሰዓት ጋር ይስማማል። መንፈቀ ሌሊት በአበው ትምህርት ጌታ የተወለደበት፣ ከሙታን የተነሣበትና ዳግመኛ የሚመጣበት ሰዓት ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ሙሽራው መጣ የሚለው ድምፅ የተሰማው በእኩለ ሌሊት እንደ ነበር ልብ ይሏል።

ቀትር የተለየ ክብደት አለው። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ በምድር ሁሉ ሆነ፤ ቀኑ እጅግ ሊበራ በሚገባው ሰዓት መጨለሙ ነው። ዳዊትም በግእዙ አቆጣጠር በመዝሙር 90 «ከአደጋና ከቀትር ጋኔን» ስለ መዳን ይናገራል፤ የበረሃ አባቶች ይህን ቃል በእኩለ ቀን መነኩሴውን ከሚይዘው መሰልቸት ጋር አያይዘውታል። መነኩሴ ላልሆነው ሰውም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጠዋት በብርታት የጀመረው ሥራ አልገፋ ሲለው፣ ተስፋ ያደረገው ጉዳይ «ነገ ተመለስ» ሲባልበት፣ ሰውነቱም ሲዝል ሰዓቱ ስድስት አካባቢ ነው። የቀትር ጸሎት በዚህ ሰዓት መደረጉን ያለ ምክንያት አድርጌ አላየውም።

ከሁሉ ይልቅ ስለ መታመን የሚናገረው ግን የዘጠኝ ሰዓቱ ጸሎት ነው። ወንጌላውያን በዚህ ሰዓት ስለ ሆነው ሲጽፉ ከጌታ አፍ ሁለት ቃላትን አስተላልፈውልናል። በማቴዎስና በማርቆስ የምናነበው «አምላኬ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» የሚለውን ጩኸት ሲሆን፣ በሉቃስ የምናነበው ደግሞ «አባት ሆይ፥ ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ» የሚለውን ነው። ሁለቱም ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰዱ ናቸውና ጌታ በሞቱ ሰዓት እንኳ በሕዝቡ የጸሎት መጽሐፍ ቃል ጸለየ ማለት ነው። መታመን ማለት ጥያቄና እሮሮ የሌለበት፣ ሁልጊዜ የረጋ ልብ ነው ብሎ የሚያስብ ክርስቲያን ብዙ ነው፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው ልቡ በታወከ ጊዜ እምነቴ ጎደለ ብሎ ጸሎቱን ይተዋል። በዘጠኝ ሰዓት የሚቆም ሰው ግን የተውኸኝ ጩኸትና የአደራው ቃል በአንድ መስቀል ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ አንደበት እንደ ወጡ እያሰበ ስለሚቆም፣ የልጁን ሕመም ወይም የቤት ኪራዩን ጭንቀት ይዞ ከመቅረብ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም። አደራ የሰጠ ሰው ሀብቱን ከእጁ አውጥቶ በሌላው እጅ ያኖራል፤ ልቡ ግን ለጊዜው ከሀብቱ ጋር ሊሆን ይችላል። ልቡ እስኪያርፍ ድረስ አደራውን ደጋግሞ መስጠት ይኖርበታል፤ ይህም በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚደረግ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ይህን ሰዓት ብዙ ሕዝብ ሳያስበው እንደሚጠብቀው መጥቀስ ይገባል። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን ጾሙን የሚፈታበትን ሰዓት ያገኘው ጌታ ነፍሱን ከሰጠበት ሰዓት ነው። ወደ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ሁለት ደቂቃ ቢቆም ከሰባቱ አንዱን አድርሷል።

በተወሰነ ሰዓት መጸለይ ከመታመን ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሚሰጠው የሐዋርያት ሥራ ይመስለኛል። በምዕራፍ 3 ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡት «በጸሎት ጊዜ በዘጠኝ ሰዓት» ነው፤ የወጡት እንደ ልማዳቸው ሊጸልዩ ነበር፣ ነገር ግን መልካም በተባለው ደጅ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ የሆነውን ሰው አገኙና በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ተነሥቶ ተመላለሰ። በምዕራፍ 10 ያለው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በቂሳርያ የሚኖር ቆርኔሌዎስ የተባለ የመቶ አለቃ በዘጠኝ ሰዓት ሲጸልይ መልአክ ተገለጠለትና ወደ ኢዮጴ ሰው ልኮ ጴጥሮስን እንዲያስጠራ ነገረው። በማግሥቱ መልእክተኞቹ ወደ ከተማ ሲቀርቡ ጴጥሮስ በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ወደ ሰገነት ወጥቶ ነበር። መጽሐፉ እጅግ እንደ ተራበና ምግብ እየተዘጋጀለት እንደ ነበር ሳይሸሽግ ይነግረናል፤ የምሳ ሰዓት እንደ ነበር መገመት ይቻላል። በዚህ መካከል አሕዛብን ርኩስ እንዳይል የሚያስተምረው ራእይ ታየው፣ መልእክተኞቹም ደጁ ላይ ደረሱ።

ከአሕዛብ ወገን የሆኑ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን የገቡበት ይህ ታላቅ በር የተከፈተው የዘወትር የጸሎት ሰዓታቸውን በጠበቁ ሁለት ሰዎች በኩል ነው። ቆርኔሌዎስ ወታደር ነበር፤ በሥሩ የሚያዝዛቸው ሰዎችና የሚጠየቅበት ሥራ ነበረው። ጴጥሮስ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት እንግዳ ነበር። ሁለቱም በዚያች ሰዓት የተፈጸመውን ነገር አስበውና ለምነው አልተነሡም፤ የጸለዩት ሰዓቱ ስለ ደረሰ ነው። እግዚአብሔር ሊያደርግ ያሰበውን ሳናውቅ በፊቱ መገኘት ራሱ መታመን መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል።

ዳንኤልም ከዚህ ጋር መታየት አለበት። ከንጉሡ በቀር ወደ ማንም ልመና እንዳይቀርብ፣ ይህን የተላለፈ ወደ አንበሶች ጉድጓድ እንዲጣል የሚል ትእዛዝ በወጣ ጊዜ ዳንኤል ወደ ቤቱ ገብቶ መስኮቶቹ ወደ ኢየሩሳሌም አንጻር እንደ ተከፈቱ «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ» ሦስት ጊዜ ጸለየ። አደጋው በመምጣቱ ጸሎት አልጀመረም፤ በመምጣቱም አላቆመም።

እኛ ደግሞ እግዚአብሔርን መፈለግ ስንል ቶሎ የሚታወሰን የጭንቅ ጊዜ ፍለጋ ነው። የታመመ ሰው ጸበል ይጠመቃል፣ ልጅ ያጣች እናት ስለት ትሳላለች፣ የውጭ ጉዞው የተያዘበት ወጣት ሱባኤ ይገባል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ታስተምረዋለች፣ እግዚአብሔርም ይሰማል። የሚያሳዝነው ግን የለመነው ከተፈጸመለት በኋላ ስለቱን አግብቶ፣ ምስጋናውን አቅርቦ፣ እስከ ሚቀጥለው ጭንቅ ድረስ የሚሰናበት ሰው መብዛቱ ነው። አፋችን በየሰላምታው «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ይውላል፤ ቆመን ያመሰገንንበት ደቂቃ ግን ላይኖር ይችላል። ሰባቱ ጊዜያት ይህን የሚያርሙት እግዚአብሔርን የመፈለጉን ነገር ከችግራችን አቆጣጠር አውጥተው በፀሐይ አቆጣጠር ላይ በማድረጋቸው ነው። ችግር ይኑር አይኑር፣ ስድስት ሰዓት ይደርሳል።

በእያንዳንዱ ሰዓት ምን ይጸለያል ለሚለው የብዙው ምእመን ልማድ እንደሚከተለው ነው። በነግህ፣ ከሰው ጋር ንግግር ከመጀመሩ በፊት ታጥቦ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በማማተብ የዘወትሩን ጸሎት ያደርሳል፤ ጊዜ ያለው የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና የዕለቱን ዳዊት ይጨምራል። መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ደግሞ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይነበባሉ። በሥራ ሰዓት ለሚውሉት ለሦስቱ፣ ለስድስቱና ለዘጠኙ ግን አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ይበቃሉ፤ ይህም ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። በንዋም ጊዜ «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የሚለውን መዝሙር 4 መድገም ከሰዓቱ ጋር እጅግ የሚስማማ ነው። ሰው በቀኑ ውስጥ በራሱ ኃይል ሊጠብቀው የማይችለው ነገር ቢኖር የተኛበት ሰዓት ነውና፣ በቀኑ ሁሉ ስለ መታመን የተናገረው ቃል እውነት መሆኑ የሚታየው ዓይኑን ሲከድን ነው።

ሰው ቆሞ ሊጸልይ የማይችልባቸው የሥራ ዓይነቶች ብዙ ናቸው። ታክሲ የሚነዳ ሰው መሪ ይዞ ወደ ምሥራቅ ሊዞር አይችልም፤ ነርሷ ሕመምተኛ ትታ ልትሄድ አይገባትም፤ በዓረብ ሀገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀርቶ በሯን ዘግታ መቆሚያ ላታገኝ ትችላለች። እንደዚህ ላሉት ጸሎቱ በልብ ይደርሳል፤ የሳሙኤል እናት ሐና ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ሳይሰማ ጸልያለችና። በእጅ ስልክ ላይ ሰዓቱ ሲደርስ እንዲያስታውስ ማድረግም ነውር የለበትም፤ ቀድሞ ደወል የነበረው ሥራ ዛሬ ስልክ ቢሠራው ምንም አይጎዳም። ችግሩ ስልኩን ለጸሎት ያነሣ እጅ መልእክት ለማየት መቆየቱ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሥርዓቱ የራሱ ፈተና እንዳለው መካድ አይገባም። ጌታ «በመናገራቸው ብዛት እንዲሰሙ ይመስላቸዋልና» ብሎ አስጠንቅቋል፤ ሰባቱን ጊዜ የሚጠብቅ ሰው ቁጥር መሙላትን ጸሎት አድርጎ እንዳይቆጥር መጠንቀቅ አለበት። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሰዓቱን በመጠበቁ እግዚአብሔርን ባለ ዕዳ ያደረገ የሚመስለው ሰው ነው፤ «ይህን ያህል ዓመት ጸሎቴን አስታጉዬ አላውቅም፣ ታዲያ ይህ ለምን ደረሰብኝ?» ይላል። ጥያቄው በዘጠኝ ሰዓት እንደ ተነሣው ጩኸት ከሆነ ይገባኛል። የሒሳብ ጥያቄ ከሆነ ግን ሰውየው ሲጸልይ የኖረው በደመወዝ ነበር ማለት ነው። ዳንኤል በየዕለቱ ሦስት ጊዜ ጸልዮ ወደ ጉድጓዱ ከመውረድ አልዳነም፤ የዳነው ከገባ በኋላ ነው። ጳውሎስና ሲላስም በፊልጵስዩስ ወኅኒ በመንፈቀ ሌሊት የዘመሩት እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ ጀርባቸው ከግርፋት ሳያገግም ነበር።

ለጀማሪ ሰባቱን በአንድ ጊዜ መያዝ አይመከርም። በነግህና በንዋም ጀምሮ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር እየተመካከረ፣ ቀጥሎ ለኑሮው የሚቀለውን ሰዓት ቢጨምር ይጸናል፤ ተቀጣሪ ለሆነ ሰው የምሳ ዕረፍቱ ከቀትር ጋር ስለሚገጥም ብዙ ጊዜ ሦስተኛው እርሱ ይሆናል። የሠርኩን ደግሞ በከተማ ያሉ አድባራት የማታ ጸሎትና ጉባኤ ስለሚያደርጉ ከሥራ ሲመለሱ ከማኅበሩ ጋር ማድረስ ይቻላል። ያለፈ ሰዓት እንደ ብድር ተጠራቅሞ ማታ በአንድነት አይከፈልም፤ ሠለስት ያመለጠው ሰው በቀትር ይቆማል።

የሰዓታቱን ትርጉም ከመጽሐፍ ይልቅ በዓይኑ አይቶ በጆሮው ሰምቶ መረዳት ለሚፈልግ ሰው የሚመቸው ጊዜ ሰሞነ ሕማማት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት ቀናት የሰሞኑ የንባብ መጽሐፍ የሆነው ግብረ ሕማማት በየሰዓቱ ተከፍሎ ይነበባል፣ በየሰዓቱም ይሰገዳል፤ በስቅለት ዕለት በነግህ የገባ ምእመን ሦስቱን፣ ስድስቱን፣ ዘጠኙንና ዐሥራ አንዱን ሰዓት በየተራ እየተከተለ እስከ ማታ ይቆያል። ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን በአንድነት የምትጠብቃቸው ሰዓታት በሌላው ቀን ምእመኑ በቤቱና በሥራ ቦታው የሚጠብቃቸው እነዚያው ናቸው።